አዋሽ ከመውረዳችሁ በፊት

ይድረስ የዱር እንስሳት ለማየት ለምትጓጉ፣ ምናልባትም ነገ አስጎብኚ ለመሆን ለምታስቡ ልጆቼ፤

ብዙዎቻችሁ ጌም ድራይቭን፣ ማለትም በመኪና እየዞሩ የዱር እንስሳት ማየትን፣ ያወቃችሁት ከኬንያና ከታንዛኒያ በሚመጡ ቪዲዮዎች ነው። ክፋት የለውም። ችግሩ፣ ገንዘብ አዋጥታችሁ ላንድክሩዘር ተከራይታችሁ፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ስትደርሱ፣ ማየትን ገና እዚያ መማር ትጀምራላችሁ። ትምህርቱ እስኪገባችሁ ፀሐይ ትበረታለች፣ እንስሳቱም ጥላ ይገባሉ። ልምምዱ እዚሁ አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ሱሉልታ ሜዳ፣ ገፈርሳ፣ መናገሻ ሱባ ጫካ፣ አቃቂ ረግረግ ላይ ቢያልቅ ይሻላል።

መጀመሪያ የሚለመደው መቆም ነው። በጌም ድራይቭ መኪናችሁ መደበቂያችሁ ነው። እንስሳው መኪናን አንድ ወጥ ነገር አድርጎ ያየዋል፤ በር ሲከፈት፣ ክንድ በመስኮት ሲወጣ ወይም ሰው ጣሪያው ላይ ሲቆም ግን የሰው ቅርጽ ይለያል፣ ይሸሻል። ሱሉልታ ላይ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብላችሁ ጠጠር መንገድ ላይ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ሬዲዮ ዝጉ፣ ሃያ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ባዶ ናቸው። ከዚያ ስትመጡ የሸሹት ወፎች አንድ በአንድ መመለስ ይጀምራሉ። አሥር ቦታ እየቆመ ሁለት ሁለት ደቂቃ የሚያይ ሰው፣ ሁለት ቦታ ቆሞ የሚጠብቀውን ያህል አያይም። በክረምት ግን ከጠጠሩ አትውረዱ፤ የሱሉልታም የአቃቂም ሜዳ ዋልካ ነው፣ ዝናብ ከጠጣ ፎር ዊልም አያወጣችሁም።

ባይኖኩላር ስትገዙ 8 በ42 የሚለውን ምረጡ። 8 ምን ያህል እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግራችኋል። 20 እጥፍ ያቀርባል የሚባለው የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ 20 እጥፍ ስለሚያጎላው፣ ያለ ማቆሚያ እግር ዋጋ የለውም። ከዚያ ለዓይናችሁ አስተካክሉት። ሁለቱን በርሜሎች አጥፋችሁ ወይም ዘርግታችሁ አንድ ክብ ብቻ እስኪታያችሁ ድረስ አመቻቹ። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመሃሉ መዘውር በግራ ዓይን ብቻ አጥሩ። ቀጥሎ ግራውን ጨፍናችሁ፣ መዘውሩን ሳትነኩ፣ የቀኙን ቀለበት እያዞራችሁ ያንኑ ነገር አጥሩ። ቀለበቱ ከዚያ በኋላ አይነካም። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን ጎማውን ወደ ውስጥ መልሱት፣ አለዚያ የምታዩት ክብ ይጠባል። ሁለት ኪሎ ሽምብራ በጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ብታስቀምጡ ከብዙ ውድ ማቆሚያ የተሻለ ድጋፍ ይሆናል፤ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ግን እሱም አያድናችሁም። አቧራ የነካውን መስታወት በሸሚዝ አትጥረጉ። መጀመሪያ አራግፉት ወይም በብሩሽ ጥረጉት፤ የመስታወቱን ስስ ልባስ የሚቧጭረው አሸዋው ነው።

ዓይናችሁንም አሠልጥኑ። ከቅርብ ጀምራችሁ ወደ ሩቅ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ፈትሹ። ማንበብ የለመድነው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ፣ በተቃራኒው ስንሄድ ዓይን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሙሉ እንስሳ አትፈልጉ፤ የሚርገበገብ ጆሮ፣ የሚወዛወዝ ጅራት፣ በቆሙ ግንዶች መካከል የተጋደመ መስመር ፈልጉ፤ ያ የጀርባ መስመር ነው። መናገሻ ሱባ ለዚህ ልምምድ ተወዳዳሪ የለውም። ጽዱን በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጉሬዛዎቹ በማለዳ ዛፍ አናት ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ጥቁር ለማለት ትንሽ የቀረው፣ ሴቷ ቀላ ያለች ናት። እንደ ውሻ የሚጮህ ድምፅ ከሰማችሁ ድኩላው ቀድሞ አይቷችኋል፤ ባላችሁበት ቁሙ።

ገፈርሳ ላይ መለየትን ተማሩ። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሲራመድም ሲዋኝም አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያሳርፋል። እዚያው የምታገኙት የግብፅ ዝይ በዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት አለው። ሰማያዊው ቀለም በክንፉ ላይ ስለሆነ ታጥፎ ሲቆም ብዙም አይታይም፤ በቀለም ብቻ የሚፈልግ ሁለቱን ያምታታል። ውሃው የከተማው መጠጥ ነውና ዘበኞቹን ሳታነጋግሩ ወደ ዳር አትጠጉ። አቃቂ ላይ ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች ለቆጠራ ይመቻሉ። አሥሩን በትክክል ቁጠሩ፣ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ መንጋውን በዚያ ለኩ።

አሁን አዋሽ ውረዱ። ዝሆንና ጎሽ አትጠብቁ። «አምስቱ ታላላቅ» የሚባለው ዝርዝር በእግር ለማደን የሚያስቸግሩትን የቆጠሩ አዳኞች ያወጡት ነው፤ ለተመልካች የሚሆን መለኪያ አይደለም። አንበሳ ካላየን ብሎ ሹፌሩን ሲያጣድፍ የሚውል ቡድን የፓርኩን ጌጥ ሳላን (ኦሪክስን) በአቧራ ውስጥ ያልፈዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት በር ላይ ተገኙ፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ባይኖኩላር ውስጥ ያለውን ምስል ያንቀጠቅጠዋል፣ ያኔ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም። ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ውጡ። በፓርኩ ኢላላ ሳላ ሜዳ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ንዱ፣ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ወደ እንስሳው በቀጥታ አትሂዱ፤ አልፋችሁት የምትሄዱ ይመስል በሰያፍ ተጠጉ፣ እየቆማችሁ። መጋጡን አቁሞ ራሱን ካቀናና ጆሮውን ወደ እናንተ ካዞረ በቃ፣ ሞተር አጥፉ። ወደ መጋጡ ከተመለሰ ጥቂት መጨመር ይቻላል፤ ዞሮ መራመድ ከጀመረ ግን አትከተሉት። ከመንገድ ወጥቶ ሣር ላይ መንዳት ጎማው የሄደበትን ለረጅም ጊዜ ጠባሳ ያደርገዋል፤ የግራር እሾህም አለ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ ያዙ። ለዝንጀሮ ሙዝ የሚወረውር ሰው ካያችሁ ከልክሉት። የለመደው ዝንጀሮ ቀጣዩን መኪና በመስኮት ይገባበታል፣ ዕዳው የሌላ ቤተሰብ ነው።

ማስታወሻ ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ቁጥሩን፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር ወዲያው ጻፉ፤ ማታ የሚጻፍ ማስታወሻ ምኞት ይቀላቀልበታል። ቀንድ አይታችሁ «ወንድ» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሳላና የሜዳ ፍየል ሴቶቹም ቀንድ አላቸው፣ አምበራይሌ (ትንሹ ኩዱ) ግን ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ።

ከሹፌሩ ጋር የምትነጋገሩት ደግሞ ከዋዜማው ማታ ነው። ብዙ እንደምትቆሙ፣ ሩቅ እንደማትሄዱ ንገሩት፤ ኪሎ ሜትር በበዛ ቁጥር ደስ የሚላችሁ የሚመስለው ሹፌር ብዙ ነው። ምልክት ተስማሙ፤ አንድ ጊዜ ጣሪያ መንካት «ቁም»፣ ሁለት ጊዜ «ቀስ ብለህ ሂድ»። «ቁም! ቁም!» እየተባለ የሚቆም መኪና ፍሬኑ ሲይዝ አቧራው ወደ ፊት ያልፍና ሊታይ የነበረውን ይሸፍነዋል። ስካውቱን፣ የፓርኩን ጠባቂ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጡት፤ ትናንት ማታ የትኛው እንስሳ የት ውሃ እንደጠጣ የሚያውቀው እሱ ነው።