መልስ፦ «ሃውንድ ዶግ» («አዳኝ ውሻ» ማለት ነው) የአሜሪካዊው ዘፋኝ የኤልቪስ ፕሪስሊ የራሱ ዘፈን ነው ወይ?

አይደለም ወንድሜ። መጀመሪያ የተጫወተችው የብሉዝ ዘፋኟ ቢግ ማማ ቶርንተን ናት። እ.ኤ.አ. በ1952 ሎስ አንጀለስ ተቀረጸ፣ በዓመቱ ወጣ፣ በአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ዘፈኖች የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ 7 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። የደረሱት ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር ናቸው፤ ያኔ ገና የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ!

እስቲ ሁለቱን ተራ በተራ ስማቸው። እሷ የምታባርረው ወንድ ነው፤ ደጇ ላይ እየተልከሰከሰ የሚመጣ፣ እጇን ጠብቆ የሚበላ። «ከእንግዲህ አላበላህም» ነው የምትለው። ኤልቪስ ጋ ግን ነገሩ የምር ውሻ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ጥንቸል እንኳን መያዝ የማይችል። ግጥሙን የቀየረው ግን እሱ አይደለም። ላስ ቬጋስ ላይ ፍሬዲ ቤልና ጓደኞቹ እንደዚያ አድርገው ሲጫወቱት ሰምቶ ወደደው፣ ከዚያ በ1956 ቀረጸው። እኔን ከጠየቅከኝ የሷ በብዙ ይበልጣል። ጊታሩ ዘና ያለ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሙዚቀኞቹ እንደ ውሻ ሲጮኹ ትሰማለህ።

ሌላም ልጨምርልህ፤ በ1954 ኤልቪስን ያስተዋወቀው «ዛትስ ኦል ራይት» የአርተር ክሩዳፕ ነው። ኤልቪስ የተጫወተው «ብሉ ስዌድ ሹዝ»ም የካርል ፐርኪንስ ነው።