ላይብረሪያችሁ የዶሜይን ምዝገባ እንዲጠይቅ ከፈለጋችሁ አርዳፕ ይቅደም፣ ሁኢዝ ይከተል

ጥያቄያችሁ ይህ ነበር፦ እዚህ ሐዋሳ ተሰባስባችሁ የምትጽፉት ክፍት ኮድ የፓይተን ላይብረሪ አለ፤ አንድ ተጠቃሚ «የዶሜይን ምዝገባ መረጃ ይጨመርበት» ብሎ ኢሹ ከፍቷል፤ እናንተም የሁኢዝ (አንድ ዶሜይን መቼና በማን በኩል እንደተመዘገበ የሚነግር የቆየ አገልግሎት) ሰርቨሮችን በሰንጠረዥ ደርድራችሁ መልሱን በሬጌክስ (ጽሑፍ በንድፍ መፈለጊያ) ለመልቀም አስባችኋል። «ያዋጣል ወይ? ነጥብ ኢቲስ ይሠራል?» ብላችኋል።

ሰንጠረዥና ሬጌክስ አያዋጣም። አንድ ጊዜ ከገባችሁበት የሜንቴነሩ ዕድሜ ሬጌክስ ሲጠግን ያልቃል። ሁኢዝ በአርኤፍሲ 3912 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) እንደተጻፈው እጅግ ቀላል ነገር ነው፦ በፖርት 43 ትገናኛላችሁ፣ ስሙን በአንድ መስመር ትልካላችሁ፣ ሰርቨሩ ጽሑፍ መልሶ ግንኙነቱን ይዘጋል። ጽሑፉ ምን ቅርጽና ምን ኢንኮዲንግ እንደሚኖረው ግን ደንቡ አይወስንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሬጅስትሪ፣ ማለትም እንደ ነጥብ ኮም ያለ የአንድ ቅጥያ ስሞችን መዝገብ የሚይዘው ድርጅት፣ በገዛ መንገዱ ይጽፋል። ቀኑን አንዱ በዓመት ይጀምራል፣ ሌላው ወሩን በፊደል ያስገባል። ነጥብ ዩኬ ላይ ደግሞ በጣም የቆዩ ስሞች የምዝገባ ቀናቸው «ከኦገስት 1996 በፊት» ተብሎ ይመጣል፤ ቀን ብቻ የሚጠብቅ ፓርሰር እዚያው ይወድቃል።

አርዳፕ ይህን ለመተካት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የምዝገባ መረጃ መጠየቂያ ደንብ ነው። በኤችቲቲፒኤስ ይጠየቃል፣ በጄሰን ይመልሳል። አሁን የሚሠራባቸው ሰነዶች ለአጠያየቁ አርኤፍሲ 9082፣ ለምላሹ 9083 ናቸው። እንደ ነጥብ ኮም ያሉ አጠቃላይ ቲኤልዲዎች (የስም የመጨረሻ ቅጥያዎች) ሁኢዝ እንዲያቀርቡ ያስገድዳቸው የነበረው የአይካን (የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው ድርጅት) ውል ከጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ግዴታውን አንስቷል። ዛሬ የሚመልስ የሁኢዝ ሰርቨር ነገ ቢዘጋ ማንም አይጠየቅም።

የትኛውን ሰርቨር እንደምትጠይቁ ራሳችሁ አትወስኑ። አይአና፣ የቲኤልዲዎችን ዋና ዝርዝር የሚይዘው ተቋም፣ ለዚህ የሚያወጣው የጄሰን ፋይል አለ። ውስጡ «ሰርቪስስ» የሚባል ዝርዝር ይገኛል፤ እያንዳንዱ አባል ሁለት ዝርዝር ይይዛል፣ መጀመሪያ ቲኤልዲዎቹ፣ ቀጥሎ አድራሻዎቹ። በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምረውን መርጣችሁ «ዶሜይን» የሚለውን መንገድና ስሙን ትቀጥሉበታላችሁ። መጨረሻው ላይ ያለው እዝባር ሁለቴ እንዳይሆን ወይም እንዳይጎድል ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ ሰርቨር ለዚያ ብቻ 404 («አልተገኘም») ይመልሳል፣ እናንተም «ስሙ አልተመዘገበም» ብላችሁ ታነቡታላችሁ። ፋይሉን በየጥያቄው አታውርዱ። አንድ ቅጂ ከፓኬጁ ጋር ይላክ፣ ካሽ ሄደሩ በሚለው መሠረት ይታደስ፤ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ወይም ማደስ ሳይሳካ ሲቀር አሮጌው ቅጂ ይሠራል።

በእጅ የተጻፈ ሰንጠረዥ ምን ያህል እንደሚያስጠቃ የነጥብ ሞቢ ጉዳይ በቂ ነው። ሬጅስትሪው የሁኢዝ ሰርቨሩን ወደ አዲስ ስም አዛወረ፣ አሮጌው ስም ጊዜው አልፎ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዋችታወር የሚባለው ድርጅት ተመራማሪዎች ያንኑ ስም በ20 ዶላር ገዝተው ሰርቨር ቢያቆሙበት ከ135 ሺህ በላይ የተለያዩ ሲስተሞች ጥያቄ ላኩላቸው። ሁሉም አሮጌውን አድራሻ ኮዳቸው ውስጥ የቀበሩ ነበሩ። የገዛው አጥቂ ቢሆን ኖሮ የፈለገውን መልስ መላክ ይችል ነበር።

ከመጠየቃችሁ በፊት ግቤቱን አጽዱ። ሰው ሳጥኑ ውስጥ የሚያስገባው ከብሮውዘሩ የቀዳውን ነው፦ ኤችቲቲፒኤስ፣ ሦስት ደብልዩ፣ የሆቴሉ ስም፣ ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ፣ ከኋላው የክፍሎች ገጽ፣ አንዳንዴም መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ። የተመዘገበው ክፍል የቱ እንደሆነ ነጥብ በመቁጠር አይታወቅም። «የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ውሰድ» ያለ ኮድ የሆቴሉን ስም ጥሎ «ኮም ነጥብ ኢቲ»ን ይጠይቃል። ለዚህ የፐብሊክ ሰፊክስ ሊስትን፣ ማለትም ስም የሚመዘገብባቸውን ቅጥያዎች ዝርዝር፣ ተጠቀሙ።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ከሆነ ወደ ፐኒኮድ፣ ማለትም ዲኤንኤስ ወደሚቀበለው የላቲን ፊደል ቅርጽ፣ ይቀየራል። ፓይተን ውስጥ አብሮ የሚመጣው፣ ይህን ቅየራ የሚሠራው አይዲኤንኤ ኮዴክ የ2003ቱን ደንብ ነው የሚከተለው፤ የ2008ቱን የሚደግፈውን «አይዲኤንኤ» የተባለውን የተለየ ፓኬጅ ጫኑ። ለፍለጋ ሲባል ሐን ወደ ሀ የሚቀይር ኮድ ካላችሁ እዚህ እንዳይደርስ። በሐመሩ ሐ የተጻፈው ሐዋሳ፣ በሃሌታው ሀ የተጻፈው ሀዋሳና በአልፋው አ የተጻፈው አዋሳ ለዲኤንኤስ ሦስት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው።

ወደ ምላሹ እንሂድ፤ ብዙ ላይብረሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውጤታችሁ እውነትና ሐሰት ብቻ አይሁን። ሦስት ይሁን፦ ተገኝቷል፣ አልተገኘም፣ አልታወቀም። 200 መጥቶ ጄሰኑ በትክክል ከተነበበ ተገኝቷል። ከትክክለኛው ሰርቨር 404 ከመጣ አልተገኘም። 429 (ጥያቄ በዛ)፣ 500 (የሰርቨር ስህተት)፣ ታይም አውት፣ የሰርቲፊኬት ችግር፣ ኤችቲኤምኤል ሆኖ የመጣ 200 በሙሉ «አልታወቀም» ናቸው፣ ምክንያቱም አብሮ ይመለስ። ፈንክሽኑንም «ክፍት ነው ወይ» የሚል ስም አትስጡት። 404 ማለት ሬጅስትሪው ስለዚያ ስም መዝገብ የለውም ማለት ነው እንጂ ሄዳችሁ ትገዙታላችሁ ማለት አይደለም፤ ሬጅስትሪው ለራሱ ያስቀረው ወይም በልዩ ዋጋ የሚሸጠው ሊሆን ይችላል። በእናንተ መልስ ተማምኖ ደንበኛውን ስሙ የሚታተምበትን ባነር ገንዘብ ያስከፈለ ሰው ቁጣውን የሚያወርደው ኢሹ ገጻችሁ ላይ ነው።

ቀኖቹ «ኢቨንትስ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ቋሚ ስላልሆነ በቁጥር ሳይሆን በ«ኢቨንት አክሽን» ፈልጓቸው። «ላስት ቼንጅድ» ስሙ የተቀየረበት ነው፤ «ላስት አፕዴት ኦፍ አርዳፕ ዳታቤዝ» የሚለው ግን ስለ ስሙ ምንም አይናገርም፣ ሁለቱን የሚያምታታ ኮድ ብዙ ነው።

«ኤክስፓይሬሽን» ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ነጥብ ኮም ጊዜው ሲያልቅ ሬጅስትሪው በራሱ አንድ ዓመት ይጨምርለታል፤ ሬጅስትራሩ (ስሙን ለደንበኛው የሸጠው ድርጅት) ደንበኛው ካልከፈለ እስከ 45 ቀን ድረስ ሰርዞ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። በዚያ መሃል ሬጅስትሪው የሚቀጥለውን ዓመት ያሳያል፣ ሬጅስትራሩ ያለፈውን። ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ «ሊንክስ» ውስጥ «ሪሌትድ» ተብሎ ወደ ሬጅስትራሩ አርዳፕ የሚወስድ አድራሻ ካለ እሱንም ጠይቁና ሁለቱን ቀኖች ለየብቻ መልሱ፤ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትደብቁ። «ስታተስ»ንም አብራችሁ አሳዩ፦ «ሪደምፕሽን ፒሪየድ» ከሆነ ባለቤቱ ስሙን ለማስመለስ ቢበዛ 30 ቀን አለው፣ «ፔንዲንግ ዲሊት» ከሆነ ቢበዛ ከ5 ቀን በኋላ ይለቀቃል።

ሰዓቱን በዩቲሲ ያዙ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መቀየር የላይብረሪው ሥራ አይደለም። ግን ሰነዳችሁ ላይ አንድ ምሳሌ ይግባ፦ በዩቲሲ 23፡59 የሚያልቅ ስም እኛ ጋ የሚያልቀው በማግስቱ ነው፣ ከሌሊቱ 8፡59 ላይ። ቀኑን ብቻ ቆርጦ የሚያሳይ አፕ አንድ ቀን ይስታል።

የባለቤቱን ስምና ስልክ አውጡልን የሚሉ ይመጣሉ። የአውሮፓው የግል መረጃ ሕግ እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ አብዛኛው ተሸፍኗል። «ኢንቲቲስ» ውስጥ ሚናው «ሬጅስትራር» የሆነውን ብቻ ብታነቡ ይበቃል። የሬጅስትራሩ ስም የተቀመጠው በቪካርድ አሬይ (የአድራሻ ካርድ ዝርዝር) ነው፤ እያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ይይዛል፣ ዋጋው አራተኛው ነው። ሦስተኛውን ብታነቡ «ቴክስት» የሚል የሬጅስትራር ስም ታገኛላችሁ።

አርዳፕ ለሌላቸው ሁኢዝ በመጠባበቂያነት ይግባ። ሰርቨሩን ለማወቅ ቲኤልዲውን ብቻ ለአይአና የሁኢዝ ሰርቨር ላኩ፣ መልሱ ውስጥ «ሁኢዝ» የሚለውን መስመር አንብቡ። መስመሩ ባዶ ከሆነ ወይም ከሌለ «አይደገፍም» በሉና አቁሙ። ነጥብ ኢቲንም የምታስተናግዱት በዚሁ መንገድ ነው። የአገር ቲኤልዲ ስለሆነ የአይካን የአርዳፕ ግዴታ አይመለከተውም፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በተጠየቀበት ሰዓት የአርዳፕ ፋይሉም አይአናም አድራሻ ካልሰጡ ግምት አትሙሉበት። የኔምሰርቨር ጥያቄ በዲኤንኤስ መላክ ይቻላል፣ ግን የሚያገለግለው ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ ኔምሰርቨር ካለ ስሙ ተይዟል። ከሌለ ግን ምንም አላወቃችሁም፤ የተመዘገበ ሆኖ ኔምሰርቨር ያልተሰጠው ወይም የታገደ ስም ዞኑ ውስጥ አይታይም።

ሁኢዝ የራሱ ጣጣዎች አሉት። የነጥብ ኮም ሰርቨር ስሙ ብቻ ሲላክለት ተመሳሳይ ስሞችን ሁሉ ሊዘረግፍ ስለሚችል ከፊቱ «ዶሜይን» የሚል ቃልና ባዶ ቦታ ይጨመራል፤ የጃፓኑ በእንግሊዝኛ እንዲመልስ ከስሙ ኋላ እዝባርና የ«ኢ» ፊደል ይፈልጋል። ምላሹን በዩቲኤፍ 8 ሞክሩ፣ ካልሆነ በላቲን 1። የሚነበበው መጠን ጣሪያ ይኑረው፣ 64 ኪሎባይት ከበቂ በላይ ነው። ሰርቨሩ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲመራችሁ ከአንድ ጊዜ በላይ አትከተሉ፣ የሚመራችሁም አይፒ የውስጥ ኔትወርክ ከሆነ እምቢ በሉ። የሊኑክሱን ሁኢዝ ትዕዛዝ በሼል መጥራት የሚባለውን አቋራጭ ደግሞ ጨርሶ እርሱት፤ የተጠቃሚው ግቤት በቀጥታ ሼል ውስጥ ይገባል።

ታይም አውት በግልጽ ጻፉ፦ ለመገናኘት 5 ሰከንድ፣ ለማንበብ 10። ሪኩዌስትስ የሚባለው ላይብረሪ ካልነገራችሁት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ብዙ የቢሮና የካምፓስ ኔትወርክ ፖርት 43ን ይዘጋል፤ በሞባይል ዳታ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው አንድ የውጭ አይፒ ስለሚጋራ ገና ብዙ ሳትጠይቁ 429 ሊደርሳችሁ ይችላል። ምላሹ «ሪትራይ አፍተር» (ከዚህ ጊዜ በኋላ ሞክሩ) የሚል ሄደር ካለው አክብሩት፣ ለአንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ከአንድ ጥያቄ በላይ አይሂድ።

ቴስቱ በተቀዱ ምላሾች ይሠራ፤ በየኮሚቱ እውነተኛ ሰርቨር የሚነካ ሲአይ ቶሎ ይታገዳል። ፋይሎቹን ወደ ሪፖ ከማስገባታችሁ በፊት የሰው ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ካለ አጥፉ። በእውነተኛ ኔትወርክ የሚሠራ ቴስት በሳምንት አንዴ ይበቃል፣ ለዚያም የአይአናው ኤግዛምፕል ነጥብ ኮም አለ።

የመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስት የግቤት ጽዳቱን፣ የአይአናውን ፋይልና አርዳፕን ብቻ ይያዝ። ሁኢዝ በሁለተኛው ይምጣ፣ ተጠቃሚው ፈልጎ ካላበራው በስተቀር ጠፍቶ ይቆይ።