ፍቺው ከየት ይጠየቃል? ፋይሉስ የት ይገኛል?

ለዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፍቺ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም፤ ጉዳያቸውንም ለሌላው አንባቢ በሚጠቅም መጠን አሳጥረነዋል። ብዙዎቹ ከትዳር አጋራቸው ከተለያዩ ዓመታት አልፏቸዋል፤ በእጃቸው የፍርድ ቤት ወረቀት ግን የለም።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር የተለያየነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዕቃችንን አካፈሉን፤ ሁለታችንም የፈረምንበት ወረቀት አለኝ። አሁን ሌላ ትዳር ልመሠርት ስል ቀበሌው «የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ» አለኝ። ምን ላድርግ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቀበሌው ልክ ነው። በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በዚህ ሕግ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ቢያስታርቅ፣ ዕቃ ቢያካፍል፣ ቢያስፈርምም ጋብቻ ማፍረስ አይችልም። ስለዚህ በሕግ ዛሬም ባለትዳር ነዎት፤ በዚህ ሁኔታ ሌላ ጋብቻ ላይ መፈረም በወንጀል ያስጠይቃል። ንብረቱም ላይ ጣጣ አለ። ከ2009 ወዲህ ከሁለት አንዳችሁ የገዛችሁት ቤት ወይም ባጃጅ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት።

ባለቤትዎ ፈቃደኛ ከሆኑ አጭሩ መንገድ በስምምነት መፋታት ነው። ሁለታችሁ የፈረማችሁበት ማመልከቻ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የድሬዳዋ ምድብ ይቀርባል። ከማመልከቻው ጋር የፍቺ ውጤት ስምምነት ይያያዛል፤ እርሱም ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ሌላኛው ወላጅ መቼ እንደሚያያቸው፣ ቀለቡ በወር ስንት እንደሆነና በምን እንደሚከፈል፣ ንብረትና ዕዳ እንዴት እንደተከፈለ የሚገልጽ ነው። የፍቺውን ምክንያት መናገር አይጠበቅባችሁም። የሽማግሌዎቹን ወረቀት አይጣሉት፤ ለዚህ ስምምነት መነሻ ይሆናል። ሲጽፉት ግን «ንብረት ተካፍለናል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የቤቱ ቁጥርና የካርታው ቁጥር፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ ማን ምን እንደወሰደ ይዘርዘር። ባልተዘረዘረው ነገር ከዓመታት በኋላ ሌላ ክስ ይነሣል። የልጆች ጥቅም በስምምነቱ በቂ ጥበቃ ካላገኘ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ያስተካክላል።

ባለቤትዎ እምቢ ካሉ ወይም ቢፈለጉ የማይገኙ ከሆነ አቤቱታውን ብቻዎን ያቀርባሉ። ማንም ሰው በትዳር እንዲቀጥል በሕግ አይገደድም። በአቤቱታው ላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የአመልካችና የተጠሪ (የሚከሰሰው ወገን) ሙሉ ስም እስከ አያት፣ አድራሻቸው እስከ ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንና ቦታ፣ የልጆች ስምና ዕድሜ፣ የሚጠይቁት ዳኝነት በግልጽ ይጻፋል። መጨረሻ ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጠው ይፈርማሉ። ይህች መስመር ከሌለች ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ኃላፊ) ማመልከቻውን ይመልሰዋል። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመታወቂያ ኮፒና የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። ሁሉም ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለፍርድ ቤቱ፣ አንዱ ለተጠሪ፣ አንዱ ለእርስዎ። የእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ሳያስመቱ ከመስኮቱ አይራቁ።

ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አውጥተው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚጉላላው መጥሪያ ላይ ነው። «አድራሻው አይታወቅም» ብለው ከጻፉ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ እንዲጠራ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። አድራሻውን እያወቁ አላውቅም ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። መጥሪያ በአግባቡ ሳይደርሰው የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል፤ ያኔ የተዘጋው ፋይል እንደገና ይከፈታል።

ችሎቱ መጀመሪያ ሊያስታርቃችሁ ይሞክራል። ራሳችሁ ወደመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ሊመራችሁ ወይም ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። ይህ ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር በአንድ ወር ውስጥ ፍቺውን መወሰን አለበት። እስከዚያ ልጆች ያለ ቀለብ እንዳይቀሩ በመጀመሪያው አቤቱታዎ ላይ ጊዜያዊ ቀለብ፣ የልጆች ጥበቃና የንብረት አስተዳደር ትእዛዝ ይጠይቁ፤ ሕጉ ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደቀረበ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ዕረፍት ላይ ስለሆኑና ተረኛ ችሎት የሚያየው አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ስለሆነ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የገባ ማመልከቻ ሳይነካ ወራት ሊቆይ ይችላል።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላም ሁለት ነገር ይቀርዎታል። አንደኛው ምዝገባ ነው። የውሳኔውን ግልባጭ ይዘው በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ፤ የፍቺ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለተኛው ሴትን ብቻ የሚመለከት ነው። ፍቺው ከተወሰነ 180 ቀን ሳይሞላ ሌላ ጋብቻ መፈጸም አይቻልም። በመካከሉ ከወለዱ ወይም እርጉዝ አለመሆንዎ በሕክምና ማስረጃ ከተረጋገጠ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፍርድ ቤትም ሊፈቅድልዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ የተፋታችው በ1987 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ጠፍቷል። ለውርስ ጉዳይ ተፈልጓል። ከየት ይገኛል? (ከከዚራ)

መልስ፦ ከ1992 በፊት የነበረው አሠራር ከአሁኑ የተለየ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ዳኞች ነበሩ፤ ውሳኔያቸው ወደ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጸድቅ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተጻፈን የሽማግሌ ወረቀት እንደ ዛሬው ዋጋ የለውም ብላችሁ አትጣሉ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የተቋቋሙት በ1988 በመሆኑ የእናትሽ ፋይል የተከፈተው በቀድሞው የአውራጃ ወይም የከፍተኛ ፍርድ ቤት ስም ነው። መዝገብ ቤት ስትሄጂ ይህን ማወቅ ፍለጋውን ያሳጥርልሻል።

ለሬጅስትራሩ የምታቀርቢው ማመልከቻ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የሁለቱን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ውሳኔው የተሰጠበትን ዓመት (ወሩ ከታወቀ ከወሩ ጋር)፣ የሚታወቅ ከሆነ የመዝገብ ቁጥር፣ ለምን እንደተፈለገና አንቺ ከባለጉዳይዋ ጋር ያለሽን ዝምድና ጻፊ። የመዝገብ ቁጥር ካለ ፍለጋው ቀላል ነው። ከሌለ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የዓመቱን የመዝገብ ደብተር በስም ማየት ሊኖርበት ነው፤ ፈላጊን የሚያደክመውም የስም አጻጻፍ ነው። «መሐመድ»፣ «ሙሐመድ»፣ «መሀመድ» ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ሦስት ቦታ ይፈለጋል፤ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ»ም እንደዚያው። ሁሉንም አጻጻፍ በማመልከቻው ላይ ዘርዝሪ። እናትሽ በሕይወት ካለች ራሷ ብትቀርብ ወይም ውክልና ብትሰጥሽ ይቀላል፤ ካረፈች የወራሽነት ማስረጃሽን አያይዢ።

ግልባጩ ሲወጣ እዚያው ቆመሽ አንብቢው። እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም አለው? ስሞቹ ከመታወቂያ ጋር ይመሳሰላሉ? «ጋብቻው በፍቺ ፈርሷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር አለ? አንዳንዴ የሚሰጠው የንብረት ክፍፍሉ ውሳኔ ብቻ ይሆናል፤ ያ ለብቻው ፍቺን አያስረዳም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። «እዚህ ፈትቼሻለሁ» ይላል፤ ወረቀት ግን አላሳየኝም። እውነት መሆኑን እንዴት አውቃለሁ? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ፍቺ የሚታየው በአገር ደረጃ በአንድ ቢሮ አይደለም፤ የአገሩን ፍቺ ሁሉ አንድ ላይ የያዘ መዝገብም የለም። ፋይሉ የሚቀመጠው ፍቺው በተወሰነበት ካውንቲ (በስቴቱ ሥር ያለ የአስተዳደር ክፍል) ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ባለቤትሽ የኖረበትን ካውንቲ መለየት ነው። ሚኒያፖሊስ ከሆነ ሄነፒን ካውንቲ፣ ሴንት ፖል ከሆነ ራምዚ ካውንቲ ነው። በሚኒሶታ ፍቺ ለመጠየቅ ከተጋቢዎቹ አንዱ ቢያንስ 180 ቀን በዚያ ስቴት መኖር ስላለበት ገና ሲገባ «ፈታሁ» ያለ ሰው ወሬ ያጠራጥራል።

የሚኒሶታ ፍርድ ቤቶች በኢንተርኔት በስም ወይም በመዝገብ ቁጥር የሚፈለግበት የሕዝብ መፈለጊያ አላቸው። ስሙን ስትፈልጊ በፓስፖርቱ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ይሁን፤ እዚያ የቤተሰብ ስም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የአያት፣ አንዳንዴም የአባት ስም ነውና ሁለቱንም ሞክሪ። በራስሽ ስምም ፈልጊ፤ ተጠሪዋ አንቺ ነሽና። ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ማድረግ አትርሺ። ፋይሉ ከተገኘ የምትጠይቂው የመጨረሻውን የፍቺ ፍርድ፣ በፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ነው። ከስክሪን የታተመ ገጽ የትም አይቀበሉሽም። በሌሎች ስቴቶች፣ ለምሳሌ በቨርጂኒያ፣ ጤና መሥሪያ ቤቱ አጭር የፍቺ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ በሚኒሶታ ግን ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው።

ግልባጩ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲሠራ በስቴቱ፣ ከዚያ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን፣ በመጨረሻም በእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ይተረጎማል። የውጭ አገር ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም የሚጠየቀው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱም ተከሳሹ ቀርቦ የመከራከር ዕድል ማግኘቱን ይመረምራል። አንቺ መጥሪያ ካልደረሰሽ ይህ ትልቅ መከራከሪያሽ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ መጥሪያው እንዴት እንደተላከ የሚያሳየውን ገጽም አስወጪ።

ፋይሉ ካልተገኘ እሱን ስትጠብቂ ዕድሜሽን አትፍጂ። አንቺም ድሬዳዋ ላይ መክሰስ ትችያለሽ። እሱ የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ ከሆነ በአቤቱታሽ ላይ ጻፊው፤ ጉዳዩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚሄድበት ሁኔታ አለና።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐረር ጁገል ነው፤ ባለቤቴ ድሬዳዋ ገብቷል። ኒካሕ ነው ያሰርነው። የት ልክሰስ? (ከሐረር)

መልስ፦ በመሠረቱ ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው፤ ስለዚህ ድሬዳዋ። እሱ ሐረር ቢኖር ኖሮ የሚያየው የሐረሪ ክልል ፍርድ ቤት፣ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መሥሪያ ቤቶች ሐረር ከተማ ውስጥ ስላሉ የሐረሪ ነዋሪ ወደ ዞኑ፣ የአወዳይ ነዋሪ ወደ ሐረሪ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ከተማው አንድ ቢሆንም ዞኑ የኦሮሚያ ነው።

ድሬዳዋ ላይ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ፤ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ብቻ ነው፤ አልፈልግም ካልሽ ፋይሉ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። መጥሪያ ደርሶሽ ዝም ብለሽ ብትቀሪ ግን እንደተስማማሽ ይቆጠራል። ስለዚህ ፈቃደኛ ካልሆንሽ ቀርበሽ በመጀመሪያው ቀን ተናገሪ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውሳኔ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነውና በወሳኝ ኩነት ይመዘገባል፤ ቤት ውስጥ በቃል የተነገረ ወይም በመስጊድ ተጽፎ የተሰጠ የፍቺ ወረቀት ግን ለምዝገባ አይበቃም።

ጥያቄ፦ የፍቺ ክሱ ሳያልቅ ባለቤቴ ቤታችንን ሊሸጥ ነው። (ከመጋላ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ለችሎቱ የእግድ ማመልከቻ አስገቢ። የካርታውን ቁጥርና ቤቱ ያለበትን ቀበሌ ጻፊ፤ ትእዛዙ ሲሰጥ ግልባጩን ራስሽ ይዘሽ ለመሬት አስተዳደርና ለሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት አድርሺ፤ መቀበላቸውንም በእጅሽ በሚቀረው ቅጂ ላይ አስፈርሚ። ችሎት ላይ ተነግሮ ያልደረሰ እግድ ሽያጩን አያቆምም። አስቀድሞ ተሸጦ ከሆነም የጋራ ቤት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት መሸጥ ስለማይቻል ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ። ጊዜው ግን ሽያጩን ካወቅሽ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ በተፈረመ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።