«ጾም የለኝ፣ ቅዳሴ የለኝ፤ ምግባሬ ምኑ ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ነኝ። የማዳሜ እናት አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ የማነሣቸው፣ የማጥባቸው፣ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። ረቡዕና ዓርብን መያዝ አልቻልኩም፤ የሰጡኝን ነው የምበላው። ቅዳሴ ካየሁም ቆየሁ። አንዷ ጓደኛዬ ፕሮቴስታንት ናት። «መዳን በእምነት ብቻ ነው፤ ሥራ አያድንም፤ ምን ያስጨንቅሻል?» ትለኛለች። ሌላዋ የእኛው ናት። «ካልጾምሽ ካልሰገድሽ ምኑን ክርስቲያን ሆንሽ?» አለችኝ። ደመወዜም ለእናቴና ለወንድሞቼ ትምህርት ያልቃል፤ ለነዳያን የምሰጠው አይተርፈኝም። ምግባር የለኝም ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሁለቱም ጓደኞችሽ እውነት ይዘዋል፤ ግን ሁለቱም ቆርጠው ነው የያዙት።

የመጀመሪያዋ የምትጠቅስልሽ ኤፌሶን 2፥8-9ን ይመስለኛል። ጸጋው በእምነት አድኖናል፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም። ይህንን ቤተ ክርስቲያናችንም ታስተምራለች። ስግደት ቆጥሮ፣ የጾም ቀን ደምሮ መንግሥተ ሰማያትን የሚገዛ የለም። ክርስቶስ የሞተልን ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው። ግን ንባቡ እዚያ አያልቅም። ቁጥር 10 እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ተፈጠርን ይላል። ብዙ ጊዜ ይቺ ቁጥር ትዘለላለች።

ጳውሎስና ያዕቆብ አይስማሙም የሚሉም አሉ። ሁለቱም የሚጠቅሱት ግን ያንኑ ቃል ነው፤ አብርሃም በእግዚአብሔር አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት የሚለውን (ዘፍ. 15፥6)። የሚያናግሩት ሰው ነው የተለያየው። በጳውሎስ ዘመን ከአሕዛብ የመጡ ምእመናን ካልተገረዙ አይድኑም የሚሉ ነበሩ። ስለዚህ ሮሜ 4 ላይ የትኛው እንደቀደመ ያሳያቸዋል። አብርሃም ጽድቅ የተቆጠረለት ዘፍጥረት ምዕራፍ 15 ላይ ነው። የተገረዘው ምዕራፍ 17 ላይ፣ በ99 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ጽድቁ ከግዝረቱ በፊት ነበር።

ያዕቆብ ፊት ያለው ሰው ሌላ ነው። አምናለሁ ይላል፤ የተራበ ወንድሙን ግን «እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን ይሸኘዋል። ለእሱ የሚያስፈልገው ዘፍጥረት ምዕራፍ 22 ነው። አብርሃም ይስሐቅን ይዞ ወደ ተራራው የወጣበት። ያኔ እምነቱ የአፍ ብቻ አለመሆኑ ታየ። አጋንንትም እኮ ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል (ያዕ. 2፥19)። ጳውሎስም ቢሆን የሚጠቅመው በፍቅር የሚሠራ እምነት ነው ይላል (ገላ. 5፥6)። ታዲያ የት ላይ ተጣሉ?

ወደ ሁለተኛዋ ልምጣ። እሷ ያለችው የእኛው ቤት ችግር ነው፤ ልንደብቀው አይገባም። ምግባር ሲባል ጾምና ስግደት ብቻ ይታየናል። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ ከጎረቤቱ ጋር ሰላምታ የሌለው ስንቱ ነው? ማቴዎስ 25ን ክፈቺ። ጌታ በፍርድ ቀን የሚያነሣው ምንድን ነው? ተርቤ ነበር፣ ታርዤ ነበር፣ ታምሜ ነበር። አንቺ በየቀኑ የታመሙ ሰው ታጥቢያለሽ፣ ታጎርሻለሽ። «የእኛ ሃይማኖት ሰው አይደሉም» ብለሽ እንዳታስቢ። ደጉ ሳምራዊም ቁስሉን ያሰረለት ሰው ከወገኑ አልነበረም።

«ይከፈላት የለ፣ ይሄ ምኑ ምግባር ነው?» የሚል አይጠፋም። ጳውሎስ የምታደርጉትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ አድርጉት ያለው (ቆላ. 3፥23) በሰው ቤት ለሚያገለግሉ ነው። ይህ ማለት ግን ግፍን ዝም ብለሽ ተሸከሚ ማለት አይደለም። ደመወዝሽን ቢከለክሉሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። ያው ያዕቆብ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ብሏል (5፥4)።

ስለ ገንዘቡ መልሱ አጭር ነው። ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን ክዷል ይላል መጽሐፍ (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። እናትሽን መጦር ትእዛዝ ነው። ሲተርፍሽ ለነዳያን ትሰጫለሽ።

ሳዑዲ ቤተ ክርስቲያን እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። በሌለ ደጅ አልቆምሽም ብሎ የሚከስሽ አይኖርም። 2ኛ ነገሥት 5ን ደጋግመሽ አንብቢው። ተማርካ በሶርያው የጦር አለቃ በንዕማን ቤት የምታገለግል ብላቴና አለች፤ ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ከሀገሯ፣ ከቤተ መቅደሷ ርቃለች። ለእመቤቷ፣ ለለምጻሙ ንዕማን ሚስት፣ ስለ ነቢዩ ኤልሳዕ የተናገረችው ግን እሷ ናት። ንዕማን ከዳነ በኋላ ደግሞ ኤልሳዕን አንድ ነገር ለመነው። «ጌታዬ ንጉሡ በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሊሰግድ እጄን ተደግፎ ሲገባ እኔም አብሬ ጎንበስ እላለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» አለ። ነቢዩ አልገሠጸውም፤ «በሰላም ሂድ» አለው። እግዚአብሔር በሰው እጅ ያለ ሰው ችግሩ አይጠፋውም።

ይህን ስል ግን ጾሙን እርግፍ አድርገሽ ተዪው ማለቴ አይደለም። ጾም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ሥጋንም ይገራል። የንስሐ አባትሽን በስልክም ቢሆን አግኚና ያለሽበትን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እንደ አቅምሽ ይወስኑልሻል፤ በራስሽ አትፍቺ፣ በራስሽም ከባድ ቀንበር አትጫኚ። እስከዚያው ገበታው ላይ ሩዝና አትክልት ካለ ሥጋውን ተዪው። ሥጋ ብቻ ከሆነ ብዪና ሥራሽን ሥሪ። አቡነ ዘበሰማያት ለማድረስ ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ ዕቃ እያጠብሽም ይሆናል።