እንባችን ካሜራ ይወዳል

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤታችን ጸሎት የማይቋረጥበት ቤት ነው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ግን አባዬ የማታ ጸሎታችንን ዩቲዩብ ላይ መጫን ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆነው። ካሜራው ሳይበራ ጸሎት አይጀመርም። 13 ዓመቴ ሳለ ከእማዬ ቦርሳ 50 ብር መውሰዴን እያለቀስኩ ተናዘዝኩ። ከሁሉም በላይ የታየው ያ ቪዲዮ ሆነ። ዛሬም ታክሲ ውስጥ «አንቺ ሌባዋ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ይሉኛል። ረዳቱ እንኳ መልስ ሲሰጠኝ ይስቃል። ይጥፋልኝ ስል አባዬ «ስንቱ ተጽናንቶበታል፤ አገልግሎት ነው» ይላል። የቤቱ የባንክ ዕዳም የሚከፈለው ከዚያው ነው። አሁን ተራው የ11 ዓመቷ እህቴ ሆኗል። ባለፈው ካሜራው ሲበራ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። የእውነቷን ይሁን ለምዳው አላወቅኩም። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ ስለ እህትሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዱገር የሚባሉ 19 ልጆች ያሏቸው ሃይማኖተኛ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2015 ኑሯቸው በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። እዚያም «አገልግሎት ነው» ይባል ነበር። ልጃቸው ጂል በ2023 ባሳተመችው መጽሐፍ ለዓመታት ሳይከፈላት መቀረጿን ተናግራለች። ኢሊኖይ የሚባለው ግዛት ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ወላጆች ልጆቻቸውን ቀርጸው ከሚያገኙት ገቢ የልጆቹን ድርሻ እንዲያስቀምጡላቸው በሕግ ያስገድዳል። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የሕፃናት ደህንነት ይቅደም ይላል። አባትሽ ፊት ግን አንቀጽ ይዘሽ አትቅረቢ፤ ነገሩ ይበላሻል።

«አጥፋው» ካልሽም ይሟገቱሻል። «ፕራይቬት አድርገው» በያቸው። ቪዲዮው አይጠፋም፤ ሕዝብ ግን አያየውም። የአንድ አሮጌ ቪዲዮ ገቢ ቢቀር የባንኩ ዕዳ የሚቆም አይመስለኝም።

በእህትሽ ግን አትደራደሪ። መዝሙሩ ይቀረጽ። ንስሐና ለቅሶ ሲመጣ ካሜራው ይዘጋ። ለብቻሽ አትግቢ፤ አባትሽ የሚሰሟት አክስት ካለች ይዘሽ ሂጂ። ማቴዎስ 6 ላይ «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» የሚለውን አክስትሽ ብታነሳው ይሻላል። ከአንቺ አፍ ከወጣ ድፍረት ይሆናል።

ዛሬ ማታ ደግሞ ካሜራው ከጠፋ በኋላ እህትሽ አልጋ ላይ ቁጭ ብለሽ «ያን ቀን ምን ሆነሽ ነበር?» በያት። መልሷን ለእኔም አትጻፊልኝ።