ሌሊት አይተኛ፣ ጠዋት አይነሳ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ16 ዓመት ልጅ አለኝ። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቡና አብሮን ጠጥቶ ስልኩን ይዞ ክፍሉ ይገባል። ከዚያ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ዓይኑ ፈጦ ያመሻል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለትምህርት ስቀሰቅሰው እንደ በድን ነው። እናቴ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ «ሰነፍ አሳደግሽ» ትለኛለች። አባቱማ ውሃ ሊደፋበት ደርሷል። ልጄ ታሟል ወይስ ጠግቧል?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ነገር የበሽታም የጥጋብም ምልክት አላየሁም። ይህን መጀመሪያ ለአባቱ ይንገሩልኝ። ከታዳጊዎች ጋር ስለምሠራ ብዙ እናቶች ይህንኑ ያነሱልኛል። ልጆቹ በእንቅልፋቸው ሲሰደቡ ስሰማ ያመኛል።

አንጎላችን ውስጥ፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ክፍል አለ። ሃያ ሺህ ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉት። የሰውነታችን ዋና ሰዓት እሱ ነው። በዓይን በሚገባው ብርሃን ቀንና ሌሊትን ይለያል፤ ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለው፣ ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሆርሞን እንዲመነጭ ያደርጋል። ጉርምስና ሲጀምር ይህ ሰዓት ይዘገያል። በአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ካርስካዶን ለብዙ ዓመታት ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ የጎረምሶች ሜላቶኒን ከልጅነታቸው ጊዜ አምሽቶ ነው የሚመጣው። ከሃያ ዓመት ወዲያ ቀስ እያለ ይስተካከላል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጭራሽ ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎ ያነቃል። እናትዎን ሌሊት የሚያስነሳቸው ጸሎታቸው ነው፤ ግን ዕድሜያቸውም ያግዛቸዋል።

ተፈጥሮ ለምን እንዲህ አደረገን? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ደስ ይለኛል። በታንዛኒያ በአደንና በፍራፍሬ ለቀማ የሚኖሩ 33 የሐድዛ አዋቂዎች እንቅልፍ ለ20 ቀናት ተመዘገበ። በዚያ ሁሉ ጊዜ 33ቱም አንድ ላይ እንቅልፍ የወሰዳቸው ለ18 ደቂቃ ብቻ ነበር። ወጣቱ ሲያመሽ፣ ሽማግሌው ቀድሞ ሲነቃ፣ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው አለ ማለት ነው። የተመራማሪዎቹ ግምት ይህ ነው፤ ጅብ ሲጮህ እየሰማሁ ላደግሁት ለእኔ ደግሞ ያሳምነኛል። እርስዎም ቤት አያትና የልጅ ልጅ ሌሊቱን ተካፍለውታል።

ችግሩ የትምህርት ቤት ደወል ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ ልጅዎ የሚያገኘው 6 ነው። አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 የታዳጊዎች ትምህርት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀመር መክሯል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ቢያነሱት ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ከቡናው ይጀምሩ። ቀኑን ሙሉ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀምና እንቅልፍ ያመጣል። ካፌይን ቦታውን ይይዝበታል። ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጠጣው ቡና ግማሹ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይም አብሮት አለ። ከቡናው አያርቁት፣ ጨዋታው ይጠቅመዋል። ቆሎውን እየበላ አብሯችሁ ይቀመጥ፤ ሲኒው ግን ይለፈው፣ አቦሉም በረካውም።

ስልኩ ማታ እርስዎ ክፍል ቻርጅ ይደረግ። ቢቆጣም ይቁሙበት። የማታ ብርሃን ሰዓቱን የባሰ ያዘገየዋል፣ የጠዋቱ ደግሞ ወደፊት ይስበዋል። ጎንደር ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ አያጡም። መጋረጃውን ይክፈቱለት፣ ሻዩን ግቢ ውስጥ ይጠጣ፤ ከተመቸ በባጃጅ ፋንታ በእግሩ ይሂድ። ቅዳሜና እሑድ ትንሽ ይተኛ፣ ግን ከሌላው ቀን ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አይለፍ፤ ካለፈ ሰኞ እንደገና ይቸገራል።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወር ያህል ሞክረውት ካልተለወጠ፣ ወይም ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል ከከፋውና ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩት።