የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፖርሽን ዘይት በገዛ እጅ መቀየር

ጥያቄ፦ የ2001 ሥሪት ፖርሽ ቦክስተር 2.7 አለኝ። ዘይት ለማስቀየር ከ300 ዶላር በላይ ተጠየቅሁ። የቶዮታዬን ዘይት ለዓመታት ራሴ ነው የምቀይረው። ይህንን ግን ፈራሁት፤ ኮፈኑን ብከፍት ሞተር የሚባል ነገር አይታየኝም። በራሴ ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ?
*ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ ይሞክሩት። የተጠየቁት ገንዘብ አብዛኛው የእጅ ዋጋ ነው። ሥራው ከቶዮታው ብዙም አይከብድም፤ የሚለየው የዘይቱ ብዛት፣ የፊልትሮው ዓይነትና መኪናው ለመሬት መቅረቡ ነው። የቦክስተር ሞተር ከወንበሮቹ ጀርባ ተቀብሮ ስለሚቀመጥ ከላይ ባይታይም፣ የዘይቱ ታፖም (ማፍሰሻው ብሎን) ፊልትሮውም ከስር በቀላሉ ይገኛሉ። ዘይት የሚጨመርበት ክዳን ደግሞ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ሲከፍቱ ይታያል። ቢጫው የዘይት፣ ሰማያዊው የራዲያተር ውሃ ነው። የመለኪያው ዘንግ፣ ሊቤሎው፣ እዚያው አጠገብ ነው።

ከዘይቱ እንጀምር፤ መቆጠብ የሌለብዎት እዚህ ላይ ነውና። ጀሪካኑ ጀርባ ላይ «ፖርሽ ኤ40» የሚል ማረጋገጫ ይፈልጉ። 0ደብልዩ-40 ወይም 5ደብልዩ-40 (ቁጥሮቹ የዘይቱን ውፍረት ያሳያሉ) ሙሉ ሲንተቲክ ሆኖ ኤ40 ያለው ማንኛውም ዘይት ይሆናል፤ የግድ ከፖርሽ ሻጭ መግዛት የለብዎትም። ሲ30 የሚለው ማረጋገጫ ለሌሎች ሞተሮች የወጣ ነውና ቁጥሩን ሳያነቡ እንዳያነሱ። አሜሪካ ውስጥ ሞቢል 1 የአውሮፓ መኪና 0ደብልዩ-40 በትልልቅ መደብሮች በባለ 5 ኳርት ጀሪካን ይሸጣል። አንዱ 4.73 ሊትር ነው፤ ሞተርዎ ከ8 እስከ 9 ሊትር ስለሚወስድ ሁለቱ ይበቁዎታል፣ ይተርፋሉም።

ፊልትሮው እንደ ቶዮታው ሙሉ ቆርቆሮ አይደለም። ጥቁር የፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚገባ የወረቀት ፊልትሮ ነው፤ ለምሳሌ የማህለ ኦኤክስ 128/1ዲ ልክ ነው። ሲገዙ ከጎኑ አዲስ የላስቲክ ቀለበት መኖሩን ይዩ። ለታፖው አዲስ የአሉሚኒየም ሮንዴላ ይግዙ። የሮንዴላው ዋጋ ከሁሉም የረከሰ ነው፤ ሰዎች አሮጌውን መልሰው እያሰሩ የሚያንጠባጥበውም እዚህ ላይ ነው። ሮንዴላው ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ክፍተቱን የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከመሣሪያ በኩል ባለ 8 ሚሊሜትር ስድስት ማዕዘን አለን ቡሶላ፣ የፊልትሮውን ቤት የሚይዝ የ74 ሚሊሜትር ባለ 14 ጎን ቆብ ቁልፍና ቶርክ ቁልፍ (የሚያጠብቁበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ያስፈልጋሉ። ቆብ ቁልፉን በግምት ገዝተው ሰፋ ያለው ከገጠመዎት ፕላስቲኩን እየላጠ ይዞራል እንጂ አይፈታም። ቶርክ ቁልፍ መግዛት አይጠበቅብዎትም፤ እንደ አውቶዞን ያሉ የመለዋወጫ መደብሮች መያዣ ተቀብለው ያውሱና ሲመልሱ ገንዘብዎን ይሰጡዎታል።

የማፍሰሻው ሳፋ ቢያንስ 12 ሊትር የሚይዝ ይሁን። በየሱቁ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለ5 እና ለ6 ሊትር የተሠሩ ናቸው። ታፖው አንዴ ከተፈታ የሚወርደው ሁሉ ሊወርድ ነው፤ ሳፋው አፉ ድረስ ሞልቶ ዘይቱ ገና በእጅ ውፍረት ሲፈስ ማየት የጋራዥን ወለል ለዘለቄታው ያበላሻል።

አሁን ወደ ሥራው። መኪናውን 10 ደቂቃ ያህል ነድተው ዘይቱን ያሙቁ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ቆሻሻውን ከታች ጥሎ ይወርዳል። ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙና ቢጫውን ክዳን አስቀድመው ይክፈቱ። ክዳኑ እንደሚከፈት ሳያረጋግጡ ዘይት አይፈስም። ክሪኩ ዝቅተኛ ዓይነት ካልሆነ ከስር አይገባልዎትም። የሚደገፈው ፋብሪካው ባዘጋጃቸው የማንሻ ነጥቦች ብቻ ነው፤ የዘይት ኮፓው፣ ከስር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ በክሪክ አይነካም። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ጠንካራ ስታንድ ሳያስገቡ፣ ገፋ አድርገውም ሳይሞክሩት ከስር አይግቡ።

ከስር ሲገቡ ታፖውን ይለዩ። ከሞተሩ ኋላ የተያያዘው ካምቢዮ የራሱ ታፖ አለው፤ በችኮላ የካምቢዮውን ዘይት አፍስሰው የሞተሩ ላይ 8 ሊትር የደረቡ ብዙ ናቸው። የሚፈልጉት በትናንሽ ብሎኖች ዙሪያውን የታሰረው የኮፓ ሳህን ላይ ያለውን ነው። የሚወጣው ዘይት ጥቁር ወይም ጥቁር ቡኒ ካልሆነና የካምቢዮ ዘይት የሚሸተው የድኝ ሽታ ካለው ወዲያው መልሰው ይዝጉት።

ታፖው ሲወጣ ዘይቱ መጀመሪያ ወደ ጎን ይወረወራል፤ ሳፋውን ትንሽ ራቅ አድርገው ይጀምሩና ጉልበቱ ሲቀንስ ይሳቡት። ከዚያ 20 ደቂቃ ይተዉት። ነጠብጣቡ ገና እየወረደ የሚዘጉ ሰዎች እስከ ግማሽ ሊትር አሮጌ ዘይት ያስቀራሉ። ታፖውን በአዲስ ሮንዴላ መጀመሪያ በጣት ያስገቡ፤ በ50 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ኮፓው አሉሚኒየም ነው፤ «ትንሽ ልጨምርለት» ማለት ጥርሱን መብላት ነው።

የፊልትሮውን ቤት ሲያወርዱ አፉ ወደ ላይ ስለሆነ ውስጡ ዘይት እንደያዘ ይወርዳል፤ ቀጥ አድርገው ይያዙት። አሮጌው የላስቲክ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተለጥፎ አለመቅረቱን ጣትዎን ዙሪያውን አዙረው ያረጋግጡ። ሁለት ቀለበት ተደራርቦ ከታሰረ ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ በግፊት ይረጫል። አዲሱን ቀለበት በንጹሕ ዘይት ያርጥቡ፣ በእጅ እስኪቆም ያስገቡ፣ በ25 ኒውተን ሜትር ይጨርሱት።

ከመጣልዎ በፊት አሮጌውን ፊልትሮ ይፍቱት። የዚህን መኪና ዘይት ራስ መቀየር የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም፣ ከገንዘቡም በላይ፣ ይኸ ነው። ወረቀቱን በምላጭ ቆርጠው እንደ አኮርዲዮን ይዘርጉትና ነጭ ወረቀት ላይ በፀሐይ ይዩት። ጥቂት በዓይን የማይለይ ብናኝ አያስጨንቅም። የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ካለ ማግኔት ያስጠጉ፤ ማግኔቱ ከሳበው ብረት ነው። በዚህ ዘመን የፖርሽ ሞተሮች ላይ በስፋት የሚታወቀው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ መበላት የሚጀምረው እንዲህ ነው። ቡናማ የፕላስቲክ ስብርባሪ ከሆነ የካቴናው መንሸራተቻ እያለቀ ነው። ብረት በብዛት ካገኙ ሞተሩን እንደገና አያስነሡት፤ መኪናውን አስጭነው ፊልትሮውን ይዘው ወደ ሜካኒክ ይሂዱ። በጊዜ የታየ ኩሽኔታ በጥገና ይመለሳል፤ የተሰበረ ግን ሞተሩን በሙሉ ይወስዳል።

አሁን 7.5 ሊትር በኢምቡቶ ቀስ ብለው ያስገቡ። ሞተሩን ያስነሡ፤ የዘይት ግፊቱ በጥቂት ሰከንድ መውጣቱን፣ ከስርም ምንም አለመንጠባጠቡን ይዩ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አውርደው፣ ሞተሩን አሙቀው ያጥፉ። ዘይቱ ወደ ኮፓው እስኪመለስ ጠብቀው በሊቤሎው ይለኩ። ከዚያ ሩብ ሩብ ሊትር እየጨመሩ ወደ ላይኛው ምልክት ይጠጉ፤ ከምልክቱ አይለፉ።

የመጀመሪያው ጊዜ ከመሣሪያው ጋር 130 ዶላር አካባቢ ሊያስወጣዎት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ 80 ይወርዳል። አሮጌውን ዘይት ደግሞ መለዋወጫ መደብሩ በነፃ ይቀበልዎታል። በ8,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንዴ፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲቀይሩ እንመክራለን፤ የፋብሪካው ልክ ከዚህ ረዘም ይላል፣ ለዚህ ሞተር ግን አጠር ማድረጉ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ የእኔም ቦክስተር ነው። ዘይት ስቀይር ሁለቱን ባለ 5 ኳርት ጀሪካን ሙሉ በሙሉ ጨመርኩ። አሁን ሲነሣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል። ሞተሩ ተበላሸ ማለት ነው?
*ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ አይቸኩሉ፣ ነገር ግን እስኪያስተካክሉት አይንዱት። 9.46 ሊትር ነው የጨመሩት፤ ለዚህ ሞተር ብዙ ነው። ትርፉ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተመታ ይረጫል፣ ጉሙ ዘይትን ከአየር ወደሚለየው ክፍል ይሄዳል፣ ከዚያ ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ ይቃጠላል። ቀጥሎ የሚጎዳው ውዱ የማርሚታ ካታሊስት፣ የጭስ ማጣሪያው፣ ነው።

ታፖውን ላላ አድርጎ ትንሽ ለማፍሰስ መሞከር ከክንድ እስከ ብብት በዘይት መታጠብ ነው። ቀጭን ቱቦ ያለው የእጅ ፓምፕ በሊቤሎው ቀዳዳ አስገብተው ግማሽ ግማሽ ሊትር እየሳቡ ይለኩ። ልኩ ከተመለሰ በኋላም ጭሱ ካልቀነሰ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ቢጫውን ክዳን ለማንሣት ይሞክሩ። በኃይል ወደ ታች የሚስብ ከሆነ የዚያ መለያ ክፍል ስስ ላስቲክ ተቀዷል፤ ክፍሉ መቀየር አለበት። ሌሊት ያደረ መኪና ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ትንሽ የሚያጨስ ከሆነ ግን ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ ስለሆኑ ያደረ ዘይት ነው የሚቃጠለው፤ በሽታ አይደለም።

ጥያቄ፦ የ2006 ሥሪት 911 ካሬራ አለኝ። ሊቤሎ የለውም! ደግሞ የምኖረው አፓርትመንት ስለሆነ ግቢው ውስጥ ዘይት መቀየር አይፈቀድልኝም። የት ልሥራው? አሮጌውን ዘይትስ የት ልድፋው?
*ከሽቱትጋርት፣ ጀርመን*

መልስ፦ የከለከሉዎት ልክ ናቸው፤ በጀርመን መንገድ ላይም ሆነ ባልተዘጋጀ ግቢ ዘይት መቀየር ያስቀጣል። በምትኩ በሰዓት የሚከራዩ የራስ አገዝ ጋራዦችን ይፈልጉ፤ ሊፍት፣ መሣሪያና የአሮጌ ዘይት ማጠራቀሚያ አላቸው። ሊፍት ላይ ሥራው ከክሪክና ከስታንድ ይልቅ ቀላልም አስተማማኝም ነው። ቶርክ ቁልፍ መኖሩን አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ።

አሮጌውን ዘይት በተመለከተ የጀርመን ሕግ ለእርስዎ ያደላል፦ የሞተር ዘይት የሸጠልዎት ነጋዴ የሸጠውን ያህል አሮጌ ዘይት በነፃ መልሶ የመቀበል ግዴታ አለበት። አሮጌው ፊልትሮና ዘይት የነካው ጨርቅም በዚህ ይካተታሉ። ደረሰኝዎን አይጣሉ። ዘይቱን ከውሃ፣ ከፍሬን ዘይት ወይም ከቤንዚን ጋር ከቀላቀሉት ግን አይቀበሉዎትም።

ልኩን የሚያሳይዎት ዳሽቦርዱ ነው። ደልዳላ ቦታ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ቁልፉን ከፍተው የዘይት መለኪያውን ሲመርጡ የመጠበቂያ ጊዜ ይቆጥራል። ሳይጨርስ አይንኩት። ዘይት የጨመሩ ሰዎች ወዲያው አይተው ዝቅ ብሎ ሲያገኙት ደግመው ይጨምራሉ፤ ዘይቱ ገና ከላይ እየወረደ ነው። ከላይኛው መስመር አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ቢቆም ይተዉት፤ ከነዱ በኋላ ደግመው ይለኩ።

ጥያቄ፦ ዱባይ በሙቀቱ የተነሣ 10ደብልዩ-60 አድርግ ተባልኩ። መኪናዬ የ2003 911 ነው። ልስማቸው?
*ከዱባይ*

መልስ፦ እኛ ብንሆን አናደርገውም። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሲደርስ የሚኖረውን ውፍረት ነው የሚያሳየው፤ ውጭው 45 ዲግሪ መሆኑ ብቻ 60ውን አያስፈልገውም። በጣም የወፈረ ዘይት መኪናው አድሮ ሲነሣ ላይኛው ክፍል ጋ ቶሎ አይደርስም፤ የዚህ ሞተር የቫልቭ ማስተካከያ ደግሞ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ኤ40 ያለው 5ደብልዩ-40 ያድርጉና ቀኑን አሳጥረው ይቀይሩ። ገንዘብ የማያስወጣው መፍትሔ ሌላ ነው፦ ከፊት መከላከያው ጀርባ ያሉት ራዲያተሮች ቅጠልና አቧራ ያጠራቅማሉ። ከፊት ባሉት አየር ማስገቢያዎች በኩል በባትሪ መብራት አይተው ያጽዷቸው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ አዲስና በዋስትና ላይ ነው። ዘይቱን ራሴ ከቀየርኩ ዋስትናው ይፈርሳል ብለውኛል።
*ከሲያትል*

መልስ፦ በአሜሪካ በ1975 የወጣው የማግኑሰን-ሞስ ሕግ፣ ዘይቱን ራስዎ በመቀየርዎ ብቻ ዋስትናዎን እንዳይነጥቁዎት ይከላከላል። ጥያቄ ከተነሣ ግን ማስረጃ ያስፈልግዎታል፦ የዘይቱና የፊልትሮው ደረሰኝ፣ የፖርሽ ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚታይበት የጀሪካኑ ፎቶ፣ ቀኑና በዚያ ቀን የነበረው የማይል ንባብ። አንድ ፖስታ ውስጥ አድርገው መኪናው ውስጥ ሳይሆን ቤት ያስቀምጡት።